አምስት እሁድና አንድ ገና

ለባህል ስፖርት ጉዳይ ለሚመለከታችሁ ኃላፊዎች ሁሉ
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ ለገና ጨዋታ መርሃ ግብር እንዲወጣለት ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከአየርላንድ፣ ሊመሪክ ከምትባል ከተማ ነው። ስሜን ብነግራችሁም አታውቁኝም። አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የምሠራ ሰው ነኝ። አልጋ አነጥፋለሁ፣ ሻይ አፈላለሁ፣ የመድኃኒት ሰዓት ሲደርስ ነርሷን እጠራለሁ። ስለ ስፖርት አስተዳደር የተማርኩት ነገር የለም። ግን አንድ ክረምት እዚህ አገር አንድ ነገር አየሁ። ከዚያ ወዲህ ልጽፍላችሁ ልጽፍላችሁ እያልኩ ዓመታት አለፉ።

ያየሁት ሀርሊንግ የሚባል ጨዋታ ነው። መጀመሪያ ያጋጠመኝ የመጦሪያው ሳሎን ውስጥ ባለ ቴሌቪዥን ነው። ትሪ ይዤ ሳልፍ ቆም አልኩ። ሰዎቹ ጫፉ ሰፋ ያለ ዱላ ይዘው ትንሽ ኳስ ያሳድዳሉ። «እንዴ! ገና ነው እኮ!» አልኩ ጮክ ብዬ፣ በአማርኛ። የመለሰልኝ የለም። አንድ ሽማግሌ ብቻ ቀና ብለው አዩኝና አጠገባቸው ያለውን ባዶ ወንበር በእጃቸው መታ መታ አደረጉት። ተቀመጥ ማለታቸው ነው። ሻይ ለማደል የወጣሁት ሰውዬ ሻዩን አቀዘቀዝኩት።

ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። በአንድ ወገን 15 ሰው ይሰለፋል። ዱላው ሀርሊ ይባላል። አሽ ከሚባል ዛፍ ነው የሚሠራው፤ እንዳይሰነጠቅም ጫፉ በቆርቆሮ ይታሰራል። ኳሷ ስሊተር ትባላለች። ክብደቷ ከ110 እስከ 120 ግራም ነው፣ ቆዳዋ ላይ ስፌቱ ጎበጥ ጎበጥ ብሎ ይዳሰሳል። ጎሉ በእንግሊዝኛው የኤች ፊደል ቅርጽ የቆመ ነው። ኳሷ ከአግዳሚው በታች ከገባች ጎል ናት፣ 3 ይያዝላታል። ከአግዳሚው በላይ ካለፈች 1 ነጥብ። ስለዚህ ውጤቱን በሁለት ቁጥር ይጽፉታል፤ 3-16 ሲሉ 3 ጎልና 16 ነጥብ ማለት ነው፣ ሲደመር 25። ከጎሉ ግራና ቀኝ ነጭ ካፖርት የለበሱ ሁለት ዳኞች ይቆማሉ። ጎል ሲሆን አረንጓዴ፣ ነጥብ ሲሆን ነጭ ባንዲራ ያውለበልባሉ። እኔ መጀመሪያ ሳያቸው የሥጋ ቤት ሰዎች ሜዳ ላይ ምን ይሠራሉ ብዬ ነበር።

ተጫዋቾቹ ደሞዝ የላቸውም። ይህን ስሰማ አላመንኩም። 80 ሺህ ሰው ከፍሎ የሚያያቸው ልጆች ሰኞ ሥራ ገቢ ናቸው። ሊመሪክን ያሠለጠነው ጆን ካይሊ ርእሰ መምህር ነው። ደግሞ አንድ ተጫዋች ሌላ ቡድን ገዛው፣ ሸጠው የሚባል ነገር የለም። የምትጫወተው ለተወለድክበት አጥቢያ ነው። ጎበዝ ከሆንክ ካውንቲህ፣ እንደ እኛ አውራጃ በለው፣ ይጠራሃል። አጥቢያ የሚለውን ቃል ያመጣሁት ለማሳመር አይደለም። የእነሱም ክለብ በቤተ ክርስቲያን አጥቢያ ነው የተዋቀረው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። ልነግራችሁ የፈለግሁት ስለ 2018 የውድድር ዘመን ነው። በእኛ 2010 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ ከዚህ በኋላ የምጠራቸውን የሀርሊንግ ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ያዙልኝ።

ሊመሪክ የመላው አየርላንድን ዋንጫ ለመጨረሻ ጊዜ ያነሳው በ1973 ነበር። ከዚያ ወዲህ አምስት ጊዜ ፍጻሜ ደርሶ አምስቱንም ተሸንፏል፤ በ1974፣ በ1980፣ በ1994፣ በ1996 እና በ2007። ከሁሉ የሚቆጠቁጣቸው የ1994ቱ ነው። ኦፋሊን በ5 ነጥብ እየመሩ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር፣ ኦፋሊ በአምስት ደቂቃ ውስጥ 2 ጎልና 5 ነጥብ አስቆጠረባቸው። እዚህ ከተማ ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆነውን ሰው ስለዚያ ቀን ብትጠይቁት መጀመሪያ ይተነፍሳል፣ ከዚያ ነው የሚናገረው።

በ2017ም ያው ነበር። ሊመሪክ በክሌር ተሸነፈ። ቀጥሎ ኪልኬኒ ሄዶ ተሸነፈ። በቃ፣ ዓመቱ አለቀ። የብርዱን ወራት ሙሉ የተለማመደ ቡድን ሁለት ጨዋታ ተጫውቶ ዱላውን ሰቀለ። የዚያን ጊዜው ሥርዓት እንደዚህ ነበር፤ አንዴ ስትሸነፍ በጓሮ በር ትገባለህ፣ ሁለተኛ ከተሸነፍክ ወደ ቤትህ። ከሁለቱ አንዱም በራስህ ሜዳ ላይሆን ይችላል።

በ2018 ጂኤኤ፣ ማለትም እነዚህን የአየርላንድ ባህላዊ ስፖርቶች የሚያስተዳድረው ማኅበር፣ አንድ ወረቀት ለወጠ። የለወጠው ሜዳውን አይደለም፣ ዱላውንም አይደለም። መርሃ ግብሩን ነው። በመንስተር ክፍለ ሀገር 5 ቡድን፣ በሌንስተር ክፍለ ሀገር 5 ቡድን መደበ። እያንዳንዱ ከአራቱም ጋር ይገናኛል፤ ሁለቱን በሜዳው፣ ሁለቱን ከሜዳው ውጭ። አንደኛና ሁለተኛ የወጡት ለክፍለ ሀገሩ ዋንጫ ይፋለማሉ። ሦስተኛውም አይወድቅም፤ በታች ካለው እርከን የመጡትን ገጥሞ መንገዱን ይቀጥላል። ከዚህ በላይ የተራቀቀ ነገር የለውም። ማንኛውም ቡድን ቢያንስ አራት ጨዋታ ተረጋገጠለት። ማንኛውም ከተማ ሁለት እሁድ እንግዳ የሚቀበልበት ቀን ተቆረጠለት።

እኔ ይህን ሁሉ ያኔ አላውቅም። የማውቀው ሜይ 20 ቀን ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ፣ ትንሽ ተኝቼ ስነሳ ኤኒስ ሮድ አረንጓዴ ለብሶ እንደጠበቀኝ ነው። የሊመሪክ ሜዳ ያለው እዚያ መንገድ ላይ ነው። የመጣው እንግዳ ቲፐራሪ ነበር። ሰማያዊና ቢጫ የለበሱት ከአረንጓዴዎቹ ጋር ትከሻ ለትከሻ ይሄዳሉ። የሚለያቸው አጥር የለም፣ መሐላቸው የቆመ ፖሊስ የለም። አንድ አባት የመኪናውን ኋላ ከፍቶ ለልጆቹ ዳቦ ያድላል፤ አጠገቡ ለቆመው የቲፐራሪ ሰውም አንድ ሰጠው። እኔ ስታዲየም ስል የማውቀው የተቃራኒ ቡድን ማልያ ለብሰህ በተሳሳተ በር የማትገባበትን ነው። ሊመሪክ ያን ቀን አሸነፈ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ኮርክ ሄዶ አቻ ወጣ። ዋተርፎርድን በሜዳው አሸነፈ። ከዚያ ኤኒስ ከተማ ሄዶ በክሌር በ11 ነጥብ ተቀጠቀጠ።

እዚህች ላይ ቆም በሉልኝ። በ11 ነጥብ! በድሮው ሥርዓት ቢሆን እንዲህ ያለ ሽንፈት ዓመቱን ይበላዋል። በአዲሱ ግን ሊመሪክ ሦስተኛ ሆኖ ተረፈ። ካርሎ ሄዶ አሸነፈ። ቀጥሎ ኪልኬኒን በ27 ለ25 ጣለ፤ ይህን ቡድን በሻምፒዮናው ሲያሸንፍ ከ1973 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ባለፈው ዓመት ሁለት ጨዋታ ተጫውቶ የወጣው ቡድን ያን ዓመት ስምንት ተጫወተ።

ሁሉም ነገር ሰመረ እያልኳችሁ አይደለም። ዋተርፎርድ ባለፈው ዓመት ለፍጻሜ የደረሰ ቡድን ነው። ሜዳው ግን ለአዲሱ ውድድር ብቁ አልነበረም። ስለዚህ «በሜዳው» የተባሉትን ሁለቱን ጨዋታዎች በሰው ሜዳ ተጫወተ፤ አንዱን ሊመሪክ፣ አንዱን ተርለስ። ይባስ ብሎ ሊመሪክ ላይ ቲፐራሪን ሲገጥም፣ መስመሩን ያላለፈች ኳስ ጎል ተብላ ተቆጠረችበት። ቴሌቪዥኑ ደጋግሞ አሳየ፣ ባንዲራው ግን ተውለብልቧል። ጨዋታው አቻ አለቀ። ዋተርፎርድ አንድም ጨዋታ ሳያሸንፍ ዓመቱን ጨረሰ። እኛ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እንላለን። የዋተርፎርድ ሰዎች ግን ተቆጥተዋል፣ እኔም ብሆን እቆጣ ነበር።

ኦፋሊም አለላችሁ። ያ በ1994 ሊመሪክን ያስለቀሰው ኦፋሊ፣ አራት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነው፣ በዚያው ዓመት ከሌንስተር ወደ ታችኛው እርከን ወረደ። ከታች ደግሞ ካርሎ አዲስ የተጀመረውን የጆ ማክዶናህ ዋንጫ በላ። ካርሎ ትንሽ ካውንቲ ናት። ግን ዋንጫ ይዛ አደባባይ ዞረች፣ ከዚያም ያንኑ ሊመሪክን በገዛ ሜዳዋ አስተናገደች። በሰፊው ብትሸነፍም የካርሎ ሕፃን ልጅ እነዚያን ጎረምሶች ከአጥሩ ማዶ ቆሞ አየ። ለትንንሾች የራሳቸው ደረጃ ካልተሠራላቸው ወይ በትልልቆቹ እየተቀጠቀጡ ይኖራሉ፣ ወይ ጭራሽ ይተዉታል።

ግማሽ ፍጻሜውን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ጁላይ 29፣ ደብሊን ባለው ትልቁ ስታዲየም ክሮክ ፓርክ፣ ሊመሪክ ከኮርክ። ኮርክ በ6 ነጥብ ሲመራ ሳሎናችን ጸጥ አለ። ሊመሪክ ቀስ እያለ ደረሰበት። መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ሲል የኮርኩ ሼመስ ሃርነዲ ከበረኛው ጋር ፊት ለፊት ተገናኘ። ዱላውን አነሳ። የሊመሪኩ በረኛ ኒኪ ኩዌድ ተወርውሮ በዱላው ጫፍ ኳሷን ከሃርነዲ ፊት ነካ አድርጎ አስወጣት። እንደዚያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ዝንብ ከሻይ ላይ እንደማንሳት ነው። በተጨማሪ ሰዓት ሊመሪክ 3-32 ለ 2-31 አሸነፈ። ደምሩት፤ 41 ለ 37 ይመጣል።

ከዚያ ፍጻሜው። ኦገስት 19፣ 2018። በእኛ ነሐሴ 13፣ 2010 ዓ.ም.። ቡሄ!

ጠዋት እናቴ ደውላ «እንኳን አደረሰህ» አለችኝ። ከኋላዋ የሰፈር ልጆች ሆያ ሆዬ ይጨፍራሉ። ዱላቸው መሬቱን ሲመታ በስልክ ይሰማኛል። ከሰዓት በኋላ ሥራ ገባሁ። ሳሎኑ ውስጥ ወንበሮቹ በሙሉ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረዋል። በዊልቸር ያሉትን ፊት አደረግናቸው። አረንጓዴ ፊኛ ሰቅለናል። ያ ወንበር የጋበዙኝ ሽማግሌ ሙሉ ልብስ ለብሰው ክራቫት አስረዋል። ለቴሌቪዥን! በ1973 ስታዲየም ገብተው ያዩ ሰው ናቸው። ዝናብ እንደነበር ነግረውኛል። ሊመሪክ 1-21፣ ኪልኬኒ 1-14፤ ቁርስ ምን እንደበሉ ይረሳሉ፣ ይህን አይረሱም። እኔ በልቤ አባባ እላቸው ነበር።

ተጋጣሚው ያለፈው ዓመት ሻምፒዮን ጋልዌይ ነው። ክሮክ ፓርክ ጢም ብሏል፣ 82,300 ሰው። ሊመሪክ አብዛኛውን ጊዜ መራ። መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ሲል ሼን ዳውሊንግ ሦስተኛዋን ጎል አስቆጠረና ልዩነቱ 8 ሆነ። ሳሎኑ ጮኸ። አባባ አልጮኹም። ዳኛው 8 ደቂቃ ጨመረ። ጋልዌይ ጎል አገባ። አሁንም ሌላ ጎል። ልዩነቱ እንደ በረዶ ቀለጠና 1 ነጥብ ብቻ ቀረ።

አባባ ወንበራቸውን አዞሩት። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አደረጉና «አላይም። አንተ ንገረኝ» አሉኝ። 1994 መጣባቸው።

እኔ ሕጉን በቅጡ የማላውቀው ሰውዬ ኮሜንታተር ሆንኩ። «ኳሷ የት ናት?» ይላሉ። «መሐል ናት» እላለሁ። «ማን ያዛት?» «የኛ ልጅ… አይ፣ ወደቀች።» «ስንት ቀረ?» «አላውቅም አባባ፣ አልቋል መሰለኝ፣ ግን አላለቀም።» የጋልዌዩ ጆ ካኒንግ ከሩቅ ቅጣት ምት አገኘ። ሰውየው ከዓለም አንደኛ የሚባል መቺ ነው፤ ይህን እንኳ እኔም አውቃለሁ። «ሊመታ ነው» አልኳቸው። የወንበሩን እጄታ ጨመቁት። ኳሷ ከፍ አለች፣ ከጎሉ በፊት አጥራ ወረደች። መሬት ሳትነካ አንድ አረንጓዴ እጅ ቀለባት፤ ቶም ኮንደን ነው። «የኛ ልጅ ያዛት!» አልኩ። ፊሽካው ተነፋ። 3-16 ለ 2-18። 25 ለ 24። ከ45 ዓመት በኋላ።

ነርሶቹ ተቃቀፉ። አንዷ አሮጊት ፊኛ አፈነዳች። አባባ ወንበራቸውን ቀስ ብለው መለሱና አምበሉ ዴክላን ሃነን ዋንጫውን ሲያነሳ አዩ። በስታዲየሙ ድምፅ ማጉያ ያን ጃንዋሪ ያረፈችው የሊመሪኳ ዘፋኝ የዶሎረስ ኦሪዮርዳን ድምፅ ተለቀቀ። አባባ ምንም አልተናገሩም። ትንሽ ቆይተው «ሻይ አለ?» አሉኝ።

እንግዲህ ደብዳቤዬ ስለ አየርላንድ ብቻ ቢሆን እዚህ ላይ አበቃ ነበር።

እኔ ያደግሁት ሰሜን ሸዋ ነው። አዝመራው ተሰብስቦ ማሳው ቃርሚያ ሲሆን ገና እንጫወታለን። ዱላውን ታላቅ ወንድሜ ከወይራ ይቆርጥልኝና ጫፉን በእሳት እያሞቀ ያጎብጠዋል። ጥንጓን ስትመታት ግንባርህ ላይ ሽው ትላለች። ከወንዝ ማዶ ካለው አጥቢያ ጋር ነበር የምንገጥመው። ማን ስንት ጊዜ እንዳሸነፈ ሽማግሌዎቹ በቃላቸው ያውቁ ነበር፤ የተጻፈ ግን የለም። እነሱ ሲያልፉ ውጤቱም አብሯቸው ተቀበረ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለገና አገር ቤት ገባሁ። አንድ ቦታ የገና ጨዋታ አለ ተብሎ በደስታ ሄድኩ። ጎረምሶቹ አዲስ ነጭ በነጭ ለብሰዋል። ድምፅ ማጉያ «አሲና በል» ያጫውታል። ካሜራው ዝግጁ ሲባል ጥንጓን መቱ፣ ሮጡ፣ ተሳሳቁ። ምናልባት አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። ካሜራው ሲነሳ ጨዋታውም ቆመ። አንዱን ልጅ «ስንት ለስንት አለቀ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ኧረ ለማሳያ ነው ጋሼ» አለኝ። የዱላው ጫፍ ላይ ጭረት እንኳ የለም። የማንንም ስም አላነሳም፤ ያዘጋጁት ሰዎች በቅን ልብ እንዳደረጉት አውቃለሁ። ግን እዚያ ማሳ ላይ የታየኝ ጨዋታ ሳይሆን የጨዋታ ልብስ ነው።

የገና ጨዋታ በየዓመቱ በሚካሄደው የባህል ስፖርቶች ውድድር ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ። መልካም ነው፣ አመሰግናለሁም። ግን ከየክልሉ የተመረጡ ልጆች በአንድ ከተማ ተሰብስበው ጥቂት ቀን ተጫውተው ሲበተኑ፣ መንደር የቀረው ልጅ ምን አየ? ማንን ደገፈ? የሚቀጥለው እሁድ ከማን ጋር ነው? ሀርሊንግን በሕይወት ያቆየው ፍጻሜው አይደለም። ከፍጻሜው በፊት ያሉት እሁዶች ናቸው።

ስለዚህ የምለምናችሁን ልንገራችሁ። አንድ ወረዳ ምረጡ። አንድ ብቻ። አምስት አጎራባች አጥቢያ ውሰዱ፤ አጥቢያ ማለት ቢሮ ውስጥ ካስቸገረ ቀበሌ በሉት። ከኅዳር 15 የነቢያት ጾም ከገባበት እስከ ታኅሣሥ 29 ድረስ ስድስት እሁድ አይጠፋም። አምስት ቡድን ዙር ሲጫወት አምስት እሁድ ይፈጃል፤ በየእሁዱ ሁለት ጨዋታ፣ አንዱ ቡድን ያርፋል። ቁጭ ብዬ በወረቀት ሠርቼዋለሁ፣ ልክ ይመጣል። እያንዳንዱ አራት ይጫወታል፤ ሁለቱን በማሳው፣ ሁለቱን በጎረቤት ማሳ። ከቅዳሴ በኋላ፣ ከሰዓት። አንደኛና ሁለተኛ የወጡት የገና ዕለት ይጋጠማሉ። የ2018ቱ የመንስተር መርሃ ግብር ማለት ይህ ነው፣ እኔ የጨመርኩት ጾሙን ብቻ ነው።

ወጪው ፊሽካ፣ አንድ ደብተርና እስክሪብቶ ነው። ደብተሩን አደራ። የመጀመሪያው የአየርላንድ ሻምፒዮና የ1887 ነው፣ ፍጻሜው የተደረገው በማግሥቱ ዓመት ኤፕሪል 1 ቀን። ቲፐራሪ 1-1፣ ጋልዌይ ዜሮ። ይህን እኔ፣ የሰሜን ሸዋ ልጅ፣ ሊመሪክ ቁጭ ብዬ አውቃለሁ። የእኛ አጥቢያ አምና የወንዝ ማዶዎቹን ገጥሞ እንደሆነና እንዳልሆነ ግን የሚነግረኝ የለም። ሕጉንም አብራችሁ ጻፉት። ስንት ሰው ይሰለፋል፣ ስንት ደቂቃ፣ ዱላ ከየት በላይ አይነሳም። እዚህ አገር የራስ ቁር ግዴታ የሆነው በፈረንጆቹ 2010 ነው፤ የእኛ ልጆች ግንባር ከዚህ የተለየ አይመስለኝም።

እነሱ ገንዘብ አላቸው ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ሊመሪክ ጄ.ፒ. ማክማነስ የሚባል ቢሊየነር ደጋፊ አለው። ከዋንጫው በኋላ ለ32ቱም ካውንቲዎች 100 ሺህ 100 ሺህ ዩሮ አከፋፍሏል። ግን ሰውየው በ2017ም ያው ሀብታም ነበር፤ ቡድኑ ሁለት ጨዋታ ተጫውቶ ነው የወጣው። ልጆቹ ጎበዞች ስለሆኑ ነው ካላችሁም ልክ ናችሁ፤ ከ21 ዓመት በታች ዋንጫውን በ2015 እና በ2017 በልተዋል። ጎበዝ ልጅ ግን መጫወቻ ቀን ይፈልጋል። ቀኑን ሲያገኙ በ2018 ብቻ አልቆሙም። ከ2020 እስከ 2023 አራት ተከታታይ ዋንጫ ጨመሩ። ያኔ ተራው ደርሷቸው የተነፈሱት ሌሎቹ ካውንቲዎች ናቸው።

ሌላው ደግሞ መጀመሪያ ዩኔስኮ እናስመዝግበው የሚል ይኖራል። ሀርሊንግ የተመዘገበው በዚያው በ2018፣ ኅዳር ላይ ነው። ፍጻሜው ካለቀ ሦስት ወር በኋላ መሆኑ ነው። መዝጋቢዎቹ ሲመጡ ያገኙት በየአጥቢያው የሚጫወት ሕዝብ ነው። የእኛም መስቀልና ጥምቀት የተመዘገቡት ሕዝቡ እያከበራቸው ነው። ወረቀቱ ይደርሳል። ለጊዜው ፊሽካዋ ትቅደም።

አባባ አሁን በሕይወት የሉም። ከፍጻሜው በኋላ ባለው ሳምንት የልጅ ልጃቸው መጥቶ አንድ አሮጌ ሀርሊ ሰጠኝ፤ «ለኮሜንታተሩ ስጠው ብለውኛል» አለኝ። ቆርቆሮው ዝጓል፣ መያዣው ላይ የተጠቀለለው ጨርቅ የእጃቸውን ቅርጽ ይዟል። ቤቴ በር ጀርባ ቆሟል። ለገና ስመጣ ይዤው እመጣለሁ። አንድ ወረዳ ከመረጣችሁ የመጀመሪያዋን ጥንግ በዚህ መምታት ይፈቀድልኝ። አሽ ከወይራ ጋር ይችል እንደሆነ እናያለን።

ከሠላምታ ጋር፣
ከሊመሪክ፣ አየርላንድ

ግልባጭ፦
ለወንዝ ማዶ አጥቢያ፣ ዱላችሁን እንድታዘጋጁ